ሮቦቱን የተሸከመው ጋሪ

የመጀመሪያው ጋሪያችን ቀዶ ሕክምና ክፍል ሳይደርስ አሳንሰር በር ላይ ቀረ። በኮሪደሩና በአሳንሰሩ ወለል መካከል ሁላችንም ሳናያት የምንሻገራት ክፍተት አለች፤ 3 ሴንቲሜትር ገደማ ትሆናለች። ጋሪውን በሩ መሃል ለማስተካከል ወደ ጎን ገፋ ስናደርገው የፊት ጎማው ዞረና ከክፍተቷ ጋር ትይዩ ሆነ። የጎማው ውፍረት 25 ሚሊሜትር ነበር፤ ሰተት ብሎ ገባ። ከነሮቦት ክንዱ 120 ኪሎ የሚመዝን ነገር በር ላይ ተቀርቅሮ፣ በሩ ሊዘጋ እየመጣ እየተመለሰ፣ ከኋላችን አልጋ የሚገፉ ሰዎች ቆመው እየጠበቁ፣ ለሦስት ተሸክመን አወጣነው። ጋሪውን የነደፍኩት እኔ ነበርኩ። በሥዕሌ ላይ አሳንሰር አልነበረም።

ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ አነስተኛ ድርጅት በመካኒካል መሐንዲስነት ስቀጠር ክንዱን፣ ሞተሩንና ሶፍትዌሩን ሌሎች ይዘውት ነበር፤ ለእኔ የቀረው ጋሪው ነው። የቀዶ ሕክምና ሮቦት ታሪክ ሲወራም እንዲሁ ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. ፑማ 560 የተባለው የፋብሪካ ሮቦት ከአንጎል ናሙና የሚወስድ መርፌ ሲመራ፣ በ1992 ሮቦዶክ የተባለው ሮቦት ሳክራሜንቶ ውስጥ ለሰው ሠራሽ ዳሌ አጥንት ሲቦረቡር፣ በ2000 ዳቪንቺ የተባለው የቀዶ ሕክምና ሮቦት ከአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ሲያገኝ፣ የተወራው ሁሉ ስለ ክንዱና ስለ ካሜራው ነው። ዳቪንቺን ቀረብ ብሎ ያየ ግን አራቱን ክንዶች የተሸከመው አንድ ትልቅ ባለጎማ ጋሪ መሆኑን ያውቃል። እንግሊዛውያን ቨርሲየስ የተባለውን ሮቦት ሲሠሩ ለእያንዳንዱ ክንድ የራሱን አነስተኛ ጋሪ ሰጡት፤ የሜድትሮኒክ ኩባንያ ሮቦት ሁጎም እንደዚያው ነው። የእኛም አንድ ክንድ ለአንድ ጋሪ ነበር። ትልቁ ጋሪ ለመግፋት ይከብዳል፣ ቦታም ይይዛል፤ ግን በቀላሉ አይናጋም። ትንሹ በጠባብ ክፍል እንደልብ ይዞራል፤ ክንዱ ሲዘረጋ ግን ሚዛኑን መጠበቅ የነዳፊው ዕዳ ነው።

ያደግኩት አዳማ ነው። የፈረስ ጋሪ ነጂዎች ጭነት ሲጭኑ ከረጢቱን ወደ ፊት ሳብ፣ ወደ ኋላ ገፋ እያደረጉ ሲያመዛዝኑ እያየሁ ነው የኖርኩት። ወደ ኋላ ከበዛ ጋሪው ፈረሱን ሊያነሳው ይሞክራል፤ ወደ ፊት ከበዛ የፈረሱ ጀርባ ይጎዳል። ነጂው በእጁ የሚያውቀውን እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በቀመር ተማርኩት። ቀመሩ ግን ያስገባህለትን ብቻ ነው የሚመልስልህ።

በወረቀት ላይ ሁሉም ደህና ነበር። ጎማዎቹ የተሰኩባቸው ብሎኖች ከዳር እስከ ዳር 70 ሴንቲሜትር ይራራቃሉ፤ የስበት ማዕከሉ ከወለሉ 90 ሴንቲሜትር ላይ ነው። ግማሽ ስፋቱ 35 ስለሆነ ጋሪው እስኪገለበጥ 21 ዲግሪ ያህል ማዘንበል አለበት ብዬ አሰላሁ። የሕክምና መሣሪያዎች መስፈርት የሆነው አይኢሲ 60601-1 ለማጓጓዝ በተሰናዳ መሣሪያ ላይ የሚጠይቀው 10 ዲግሪ ነው። እጥፍ አለን ብዬ ደስ አለኝ።

የዘነጋሁት የጎማውን ጠባይ ነው። ዟሪ ጎማ ከተሰካበት ብሎን ቀጥታ ሥር አይቆምም፤ ወደ ኋላ አፈንግጦ ነው የሚቆመው። ጋሪውን ተከትሎ እንዲዞር የሚያደርገውም ያ ማፈንገጡ ነው። የእኛ 4 ሴንቲሜትር ያፈነግጥ ነበር። ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ሲዞሩ ወለሉን የሚነኩበት ነጥብ ከ35 ወደ 31 ሴንቲሜትር ይገባል። 20 ኪሎ የሚመዝነው ክንድ 70 ሴንቲሜትር ሲዘረጋ ደግሞ የስበት ማዕከሉን ወደዚያው ወገን 12 ሴንቲሜትር ያህል ይወስደዋል። ከ31 ላይ 12 ሲነሳ 19 ይቀራል። የ10 ዲግሪ ማዘንበል ብቻውን 16 ይበላል። በእጃችን የቀረችው 3 ሴንቲሜትር ናት፤ እሷም ማንም ሳይደገፍበት፣ ማንም ኬብል ሳይስብበት።

ይህን ስሌት በትክክል የሠራሁት ከወደቀ በኋላ ነው። ማዘንበያው ጠረጴዛ ላይ አስረን 10 ዲግሪ ስናደርሰው የክንዱ መቆለፊያ አምልጦ ክንዱ በዝቅተኛው ወገን ተወነጨፈ፤ ጋሪውም ተከተለው። ቀበቶ ባይዘው ኖሮ ከሥሩ የነበረው ቴክኒሻን ላይ ነበር። ለብዙ ቀናት ሌሊት ሌሊት የወደቀበት ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

መሠረቱን ማስፋት አልቻልንም፤ አልጋው ሥር የአልጋው እግር አለ፣ ከጎኑ ረዳቱ ሐኪም ቆሟል። ስለዚህ ክብደቱን ወደ ታች አወረድን። ባትሪውና ትራንስፎርመሩ ወለሉ አጠገብ ሄዱ፣ ከሥርም 18 ኪሎ የሚመዝን ብረት ገባ። የስበት ማዕከሉ ወደ 72 ሴንቲሜትር ሲወርድ 10 ዲግሪው የሚበላው ከ16 ወደ 13 ሆነ። የጨመርነውን እያንዳንዱን ኪሎ ግን የሆነች ነርስ ልትገፋው ነው። መስፈርቱ ለመግፋት እስከ 200 ኒውተን ይፈቅዳል፤ 20 ኪሎ ያህል ጉልበት ማለት ነው። ለሌሊት ተረኛ ይህ ብዙ ነው። እኛ ግማሹን እንዳናልፍ ለራሳችን ቃል ገባን፤ በየጊዜውም የመንጠቆ ሚዛን እጀታው ላይ አስረን እየጎተትን ለካን።

የአሳንሰሯ ጉዳይ በጎማ ተፈታ፦ በአንድ ዘንግ ላይ መንታ የሆነ፣ አጠቃላይ ስፋቱ 6 ሴንቲሜትር፣ ቁመቱ 125 ሚሊሜትር። ክፍተቷ ውስጥ መግባት አይችልም። ቁመቱ ለደፍም ጠቀመን። ቆሞ የነበረ ጋሪ 1 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለውን ደፍ እንዲወጣ በ75 ሚሊሜትር ጎማ ሲገፋ በስሌቱ 64 ኪሎ ያህል ጉልበት ይፈልጋል፤ በ125ቱ ወደ 45 ይወርዳል። ያም ቢሆን ብዙ ነው፤ ሰው ሁሉ ደፍ ሲያይ ትንሽ ፈጠን የሚለው ለዚህ ነው፤ መስፈርቱም የሚፈትነው በሰከንድ 0.8 ሜትር እየሄደ ነው። አራቱም ጎማዎች ይዞራሉ፤ አንዱ ግን በፔዳል ቀጥ ብሎ ይቆለፋል። ረጅም ኮሪደር ላይ እሱ ካልተቆለፈ ጋሪው እንደ ግትር በሬ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ካልተለቀቀ በአልጋውና በማደንዘዣ ማሽኑ መካከል አይገባም።

ጋሪው ቦታው ከደረሰ በኋላ ግን ንቅንቅ ማለት የለበትም። መሣሪያው በሽተኛው ሆድ ውስጥ የሚገባው ትሮካር በሚባል ጠባብ ቱቦ ነው፤ ሮቦቱ ያንን ነጥብ እንደ ማጠፊያ ወስዶ በዙሪያው ይንቀሳቀሳል። ጋሪው የአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ ቢያዘነብል ሜትር ተኩል ከፍታ ላይ ያለው ጫፍ 2.6 ሚሊሜትር ይሄዳል። 2.6 ሚሊሜትር ሆድ ግድግዳ ላይ ቀላል አይደለም። የጎማ ፍሬን ይህን አያቆምም። ጎማው ቢቆለፍም ኩሽኔታው ውስጥ ክፍተት አለ፣ ላስቲኩም ይሰምጣል፤ ክንዱን በጣቴ ስገፋው ጋሪው በሙሉ ሲወዛወዝ በዓይን ይታይ ነበር። ስለዚህ ፔዳል ሲረገጥ የሚወርዱ አራት እግሮች ሠራን፤ ጋሪውን 5 ሚሊሜትር ያህል ከጎማው ያነሱታል።

አራት እግር ያለው ወንበር ወለሉ ካልተስተካከለ እንደሚንገጫገጭ፣ ባለሦስት እግር ዱካ ግን የትም እንደሚቀመጥ ማን ያጣዋል? የሆስፒታል ወለል ወደ ማፍሰሻው ያዘቀዝቃል፣ ተጠግኖ ተጠግኖም ጎርብጧል። አንዱ እግር ሁልጊዜ አየር ላይ ይቀር ነበር። መፍትሔው ከእርሻ መጣልኝ። ሁለቱን የፊት እግሮች መሃሉ ላይ በሚወዛወዝ አንድ ብረት አገናኘኋቸው፤ ቀንበር መሃሉ ላይ ከሞፈር ጋር ታስሮ አንዱ በሬ ከፍ ሌላው ዝቅ ቢል እንደሚቻለው ማለት ነው። መንገጫገጩ ወዲያው ጠፋ። አብረውኝ የሚሠሩትም ያን ብረት ያለ ምንም ማብራሪያ ቀንበር እያሉ መጥራት ጀመሩ፤ አነጋገራቸው ቢሰበርም ደስ ይለኝ ነበር።

ግን ያልቆጠርኩት ዋጋ ነበረው። ቀንበሩ ሲወዛወዝ ጋሪው አራት እግር ያለው ይምሰል እንጂ የሚቆመው በሦስት ነጥብ ነው፤ የፊት ማዕዘኖቹ ድጋፋቸውን አጥተዋል። ክንዱን ወደ ፊት ማዕዘን ዘርግተን ስንጫነው ጋሪው መጎንበስ ጀመረ። ቀንበሩን መጣል ነበር የመጀመሪያው ሐሳቤ። በኋላ ግን መወዛወዙን ገደብነው፦ በየወገኑ 2 ሚሊሜትር ሄዶ ብረት ላይ ይቆማል። ሁለቱ ሚሊሜትር ለወለሉ ጉርብጥብጥ በቂ ናት፤ ከዚያ ካለፈ አራቱም እግሮች ጭነት ይቀበላሉ።

እግሮቹን በሞተር እናውርዳቸው የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። «መብራት ቢጠፋስ?» አልኩ። ሆስፒታሉ ጄኔሬተር አለው አሉኝ። የሞተሩ ካርድ ቢቃጠልስ? በሽተኛው ደም እየፈሰሰው ሐኪሙ ሮቦቱን አውጡልኝ ሲል እግሮቹ ወለል ላይ ተተክለው ቢቀሩስ? ከአገሬ ይዤው የመጣሁት ጥያቄ ነው፤ ባነሳው ቅር አላለኝም። ፔዳሉ በሰው እግር የሚሠራ ሆኖ ቀረ።

እዚህ ላይ ሁለት ደኅንነቶች ተጋጩ። ክንዱ ተዘርግቶ እያለ ጋሪው ኮሪደር ላይ መገፋት የለበትም፤ ወድቆ አይተነዋል። ክንዱ ተዘርግቶ ቢቀርም ግን በአደጋ ጊዜ ከአልጋው መራቅ አለበት። ክንዱ ካልታጠፈ ፍሬኑ እንዳይለቅ ብናደርግ ሁለተኛውን እንገድላለን። ለሳምንታት ተከራከርን። የተስማማነው በእጀታ ነው። ረጅሙ መግፊያ እጀታ ተኝቶ ይቆለፋል፤ የሚነሳው ክንዱ ታጥፎ ማረፊያው ላይ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ያለ እሱ ዝቅ ያሉ ሁለት መያዣዎች አሉ፤ ጎንበስ ብሎ ሁለት ሦስት እርምጃ ለመሳብ ይሆናሉ፣ ኮሪደር ለኮሪደር ለመሄድ ግን ማንም አይመኛቸውም። ከሁሉ በላይ የምኮራበት ሥራዬ ይህ ነው፤ የሚቃጠል ካርድ የለውም።

ወንድሜ አገር ቤት የባዮሜዲካል ቴክኒሻን ነው። በእርዳታ የመጣ ማሽን ጎማው ተሰብሮ ቱቦላሬ ተበይዶለት የቆመበትን ፎቶ ልኮልኝ ነበር። ማሽኑ ደህና ነው፤ የጠፋው የአንድ ልዩ ጎማ ብሎን ነው። እዚያ ያሉት ክፍሎች በተለያዩ ሕንፃዎች ናቸው፣ ማሽን ከአንዱ ወደ ሌላው በደጅ፣ በተሰነጠቀ ሲሚንቶ ላይ ነው የሚሄደው። ያን ፎቶ ካየሁ በኋላ የጎማችንን መሰኪያ የትም ጋራዥ ወደሚገኝ ኤም 12 ብሎን ቀየርኩት። ለዚህ ማንም ልዩ ፈቃድ አልጠየቀኝም፤ ዋጋውም አልጨመረም።

ስለ ጽዳት ያስተማሩኝ በምንሞክርበት ሆስፒታል ሌሊት ቀዶ ሕክምና ክፍል የሚያጸዱ የጎንደር ሴት ናቸው። በአማርኛ ስልክ ሳወራ ሰምተው ነው የቀረቡኝ። ጋሪውን ከጎን ሳይሆን ከሥር ነው ያዩት። ጎንበስ ብለው አንዱን ጎማ በእጃቸው አዞሩና ከዘንጉ ላይ የተጠመጠመ የስፌት ክርና ፀጉር መዘው አወጡ። ቀጥለው ጣታቸውን በፔዳሉ ሥር አስገቡ፤ አልገባም።

«ልጄ፣ ይኼን ማን ያጥበዋል?» አሉኝ።

«ጨርቅ ይገባል ብዬ ነው፣ እናቴ።»

«ጣቴ የማይገባበት ጨርቄ በየት ይገባል? ደም ግን ይገባል።»

በማግስቱ ጋሪውን ሙሉ በሙሉ ፈታሁት። የብሎኖቹ ራስ ባለስድስት ማዕዘን ጉድጓድ ነበረው፤ ሁሉም ውስጥ የደረቀ ቆሻሻ አገኘሁ። በበረኪና የተጠረገው የዚንክ ቅብ ዝጎ ነጥቷል። የታችኛው ክፍል 304 ከሚባለው አይዝጌ ብረት በተሻለ ክሎሪንን ወደሚቋቋመው፣ 316 ወደሚባለው ዓይነት ተቀየረ፣ ብሎኖቹ ክዳን አገኙ፣ ላሜራው ውኃ እንዳይቋጥር አዘቀዘቀ፣ የጎማዎቹ ዘንግ ክር መከላከያ ተደረገለት። ጎማዎቹ ፊት ደግሞ ወለል ላይ ያለ ኬብል ገፍቶ የሚያሳልፍ ቀሚስ መሰል መከላከያ ሠራን። የፔዳሉ ሥር ከጣት ሰፋ እንዲል ቦታውን ከፍ አደረግነው፤ ለዚያ ሲባል ብቻ መላው የእግሮቹ አሠራር ሁለት ጊዜ ተሳለ።

አዲሱ ጋሪ ሲገባ ሌሊት ድረስ ቆየሁ። እሳቸው ጓንታቸውን አጥልቀው ዙሪያውን በጣታቸው ሄዱበት፤ ጎማ፣ ፔዳል፣ መያዣ፣ የእጀታው ማጠፊያ። ቀንበሩ ላይ ሲደርሱ ምን እንደሆነ ጠየቁኝና ነገርኳቸው፤ እጃቸውን እዚያው አድርገው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ የፔዳሉ መመለሻ ሞላ ላይ ጣታቸው ቆመ። በየጥቅሉ መሃል እርጥበት ነበር። ምንም አላሉም፤ ቀና ብለው አዩኝ። ሞላውን በክዳን ውስጥ ለመደበቅ አሁን ሦስተኛውን ሥዕል እየሠራሁ ነው።