አማርኛ ኮምፒውተር ላይ ሲበላሽ ጥገናው የት ይግባ?

ብዙ ሰነድ ባለበት ክምችት ውስጥ «ዓለም» ብላችሁ ፈልጉ፤ «አለም» ተብሎ የተጻፈው አይወጣም። «ፀሐይ» ብትሉ «ጸሀይ» ይቀራል። ይህን ለመፍታት እዚህ አገር ያለውም ውጭ ያለውም ፕሮግራመር በየግሉ ያንኑ ሰንጠረዥ ይጽፋል፤ ሐን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ። ሥራው ግማሽ ቀን አይፈጅም። ከዚያ ሰንጠረዡ አንድ አፕ ውስጥ ይቀበራል፣ አፑ ሲተው አብሮ ይጠፋል፣ ቀጣዩ ሰው ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል።

እኛ ዘንድ ኦፕን ሶርስ ማለት «በነጻ የሚወርድ» ማለት ሆኖ ቀርቷል። ኮዱን ማየት፣ መለወጥና የለወጡትን ለሌላው ማካፈል የሚለው ሙሉ ትርጉሙ ተረስቷል። ለአማርኛ ትልቁ ጥቅም ያለው ግን በማካፈሉ ላይ ነው። ስልካችን ላይ አማርኛ የሚታየው ማንም ሊሠራበት በሚችል የጋራ መሠረት ላይ ስለተቀመጠ ነው። ስለዚህ የተበላሸው የትኛው ንብርብር ላይ እንደሆነ ለዩ፣ ጥገናውን እዚያው አስገቡ፣ አዲስ አፕ አትደርቡበት እላለሁ።

ይህ የጋራ መሠረት ባልነበረበት ዘመን ምን ይመስል እንደነበር ማስታወስ ይጠቅማል። (ከዚህ በታች ያሉ ዓመታት፣ የኢትዮጵያ ነው ካላልኩ በቀር፣ እ.ኤ.አ. ናቸው።) የድሮዎቹ ፎንቶች የሚሠሩት 256 ቦታ ባለው ሰንጠረዥ ላይ ነበር፤ ከዚያም የመጀመሪያዎቹ 32 ለመቆጣጠሪያ ምልክቶች የተያዙ ናቸው። የአማርኛ ሆሄያት 33 ቤት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ። በዚያ ላይ እነ ሏ፣ ሟ፣ ቋ፣ 20ዎቹ የግዕዝ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች አሉ። ቦታው አልበቃም። አንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው፣ ሌላው ግንዱን አንድ ቦታ አስቀምጦ ቅጥያውን በላዩ ደረበበት፤ ሁሉም የየራሱ አደራደር ነበረው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ይሆን ነበር።

ያ ዘመን ዛሬም አላለቀም። ብዙ የቆየ ፒዲኤፍ ለዓይን ጥሩ አማርኛ ሆኖ ሲቀዳ ዝባዝንኬ የሚወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለ ሰነድ ስትለውጡ መጀመሪያ የፎንቱን ስም እወቁ፤ የፒዲኤፍ ማንበቢያው ውስጥ በሰነዱ ባሕርያት ሥር የፎንቶች ዝርዝር ታገኛላችሁ። የልወጣ ሰንጠረዡ ከፎንት ፎንት ይለያያል። ሁለት ኮድ ተደርቦ አንድ ሆሄ በሚሠራበት ፎንት ላይ ደግሞ ረጅሙን ጥምረት ቀድማችሁ ለውጡ። አጭሩን ካስቀደማችሁ ግንዱ ብቻ ተለውጦ ቅጥያው ሜዳ ላይ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ ማስተካከሉ ከባድ ነው።

በ1990ዎቹ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ግዕዝን በላቲን ፊደል የሚጽፍ «ሴራ» የተባለ ሥርዓት አዘጋጅተው ለማንም ክፍት አደረጉት። ዛሬ ሊኑክስ ላይ ኤም17ኤን በተባለው ላይብረሪ ውስጥ ያለው አንዱ የአማርኛ አጻጻፍ ያንኑ ስም ይዞ ይገኛል። የተዘጉት ሶፍትዌሮች ከነፎንታቸው አረጁ፤ በይፋ የተጻፈው ሥርዓት ግን ከማሽን ወደ ማሽን ተሻገረ። ለዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ የጋራ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድም በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ 345 የግዕዝ ምልክቶችን አስገባ፤ በ2005፣ በ2010 እና በ2021 ደግሞ ለሰባት ቤት ጉራጌ፣ ለጋሞ፣ ለጉሙዝና ለሌሎችም ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ሆሄያት ተጨመሩ።

ወደ ጥገናው እንምጣ። ጽሑፍ ሲበላሽ አበለሻሸቱ ራሱ በሽታው የት እንዳለ ይናገራል። ባዶ ሳጥን ካያችሁ ጽሑፉ ደኅና ነው፣ የጎደለው ፎንት ነው፤ ቀድታችሁ ሌላ ቦታ ስትለጥፉት በትክክል ይታያል። የጥያቄ ምልክት ከተደረደረ ግን ጽሑፉ ጠፍቷል። የሆነ ቦታ ላይ ግዕዝን በማያውቅ የፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ አልፎ እያንዳንዱ ሆሄ በጥያቄ ምልክት ተተክቷል፤ ከባካፕ በቀር መመለሻ የለውም። ሦስተኛው ዓይነት ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት ነው፤ ነገር ግን የሚድነው እሱ ነው። እያንዳንዱ ሆሄ ሦስት እንግዳ ምልክት ይሆናል፣ የመጀመሪያው ምልክት ደግሞ ሁልጊዜ ያው በአናቱ ጭረት ያለበት የላቲን ፊደል ነው። ግዕዝ በዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድ ቁጥሮች በፋይል ውስጥ የሚጻፉበት ሥርዓት) ለአንድ ሆሄ 3 ባይት ይወስዳል፣ የአማርኛ ሆሄያት የመጀመሪያ ባይትም አንድ ዓይነት ነው፤ አንድ ፕሮግራም ያንን እንደ ምዕራብ አውሮፓ ጽሑፍ ሲያነበው ይህ መልክ ይወጣል። ጽሑፉን በተነበበበት ሰንጠረዥ ወደ ባይት መልሳችሁ እንደገና በዩቲኤፍ-8 አንብቡት። ዊንዶውስ-1252 የሚባለው ሰንጠረዥ ግን 5 ባዶ ቦታዎች አሉት፤ እዚያ ላይ የወደቁ ባይቶች በመንገድ ሊጠፉ ይችላሉ። ስለዚህ ሥራው ሁልጊዜ በቅጂ ላይ ይሁን።

የዚህ ብልሽት ዋና ምንጭ ሲኤስቪ (ሰንጠረዥ በተራ ጽሑፍ የሚቀመጥበት) ፋይል ነው። ኤክሴል ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ቦም የሚባለው ምልክት ከሌለ፣ ሁለቴ ተጭናችሁ ስትከፍቱት ዩቲኤፍ-8 መሆኑን አይረዳም። በ«ዳታ» በኩል አስገቡና ከፊደል ሥርዓቶቹ 65001 የሚለውን ምረጡ። ሊብሬኦፊስ ከመክፈቱ በፊት ራሱ ይጠይቃል፤ ያንን ጥያቄ ሳያነቡ «እሺ» ማለት ነው ጥፋቱ።

ዳታቤዝ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ማይኤስኪውኤል የምትጠቀሙ ከሆነ ሰንጠረዡን ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 አድርጉት። «ኤምቢ4» የሌለበት አሮጌው ዓይነት 3 ባይት ላይ ስለሚያቆም አማርኛን ይይዛል፤ በ2021 የተጨመሩት የጉራጌ ሆሄያት ግን 4 ባይት ስለሆኑ አይገቡበትም። «አማርኛው ሠርቷል» ብሎ ፈተናውን ያቆመ ፕሮግራመር ጉራጌኛን በር ላይ አስቀርቶታል። ኤስኤምኤስም የራሱ ልክ አለው፦ በላቲን 160 ፊደል የሚይዘው መልእክት በአማርኛ 70 ይይዛል፣ ረዝሞ ሲቀጣጠል ደግሞ ለአንዱ ክፍል 67። ርዝመቱን በዚህ ልክ ያልቆጠረ ድርጅት ወጪው እጥፍ ሆኖ ይመጣበታል።

ፎንት ላይ ዕድለኞች ነን። አቢሲኒካ ሲል እና የኖቶ የግዕዝ ፎንቶች በኦፕን ፎንት ላይሰንስ የወጡ ናቸው። አፕ ውስጥ ማስገባት፣ መጽሐፍ ማተም፣ ሆሄውን ማሻሻል ይፈቀዳል። ፎንቱን ብቻውን መሸጥ አይፈቀድም፤ ያሻሻላችሁትንም በዚያው ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው፤ ባለቤቱ ስሙን የተጠበቀ ካደረገው ደግሞ የእናንተው እትም ሌላ ስም ይያዝ። ይህን የመጨረሻውን ብዙዎች ይዘሉታል።

ኪቦርድ ላይ ያለው ችግር ከሚመስለው በላይ ጎጂ ነው። አራት ነጥብ (።) ራሱን የቻለ አንድ ምልክት ነው፣ የዩኒኮድ ቁጥሩ 1362። ሁለት ነጥብ (፡) 1361 ነው። ሁለት ነጥብን ሁለቴ መትቶ ፡፡ የጻፈ ሰው በዓይኑ ልዩነት አያይም። ለኮምፒውተር ግን አንደኛው የዓረፍተ ነገር መዝጊያ፣ ሌላኛው ሁለት የቃል መለያ ነው። ዓረፍተ ነገር የሚለይ ፕሮግራም ሙሉውን ገጽ እንደ አንድ ዓረፍተ ነገር ይቆጥረዋል፤ የትርጉም ሶፍትዌር ይደናገራል፤ ለቋንቋ ሞዴል የሚሰበሰበው ጽሑፍም ከምንጩ ይደፈርሳል። ብዙ ሰው ይህን ከጽሑፉ ጀርባ እየተከተለ ሲያጸዳ ይውላል። መድኃኒቱ ኪቦርዱ ላይ ነው፤ ከሁለት ነጥብ በኋላ ያው ቁልፍ ከተመታ ሁለቱን በአንድ ። ተካ የሚል አንድ መስመር ደንብ። በሲል ግሎባል (በቀድሞ ስሙ ሲል ኢንተርናሽናል) ሥር ያለው የኪቦርድ ሶፍትዌር ኪማን በኤምአይቲ ፈቃድ ክፍት ነው፤ የኪቦርዶቹ ምንጭ ኮድ በሚጋራበት ድረ ገጽ በጊትሃብ ላይ አለ። ይህ ደንብ የሌለው ኪቦርድ ካገኛችሁ ኮዱን ወደ ራሳችሁ ቅዱ፣ በኪማን ዴቨሎፐር ደንቡን ጨምሩ፣ የእትሙን ቁጥር ከፍ አድርጉ፣ የለውጥ ታሪክ ፋይሉ ላይ ጻፉት፣ ከዚያ ለውጡ ዋናው ኮድ ውስጥ እንዲገባ የማዋሃድ ጥያቄ (ፑል ሪኩዌስት) ላኩ። የስልኩ ገጽታ በተለየ ፋይል ነው የሚቀመጠው፤ ኮምፒውተር ላይ ሠርቶ ስልክ ላይ የማይሠራ ጥገና የሚመጣው እሱን ከመርሳት ነው።

ወደ ፍለጋው ልመለስ፤ ብዙ ጥፋት ያየሁት እዚህ ላይ ነው። ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ማምጣት በሰባቱ ፊደላት 35 ረድፍ ነው። በዚያ ላይ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ፣ ጐን ወደ ጎ፣ ቍን ወደ ቁ የመሳሰሉ ጥቂቶች ይጨመራሉ። ይህ ማለስለስ መግባት ያለበት መረጃ ጠቋሚው (ለፍለጋ የሚዘጋጀው የቃላት ዝርዝር) ላይና ተጠቃሚው በሚጽፈው ጥያቄ ላይ ብቻ ነው። የተቀመጠውን ጽሑፍ ራሱን የለወጠ ሰው የሰዎችን ስም አበላሽቷል፤ ሠረቀን (ወጣ፣ በራ) እና ሰረቀን (ዘረፈ) አንድ አድርጎ ቀብሯል፤ ከዚያም ወደ ኋላ የሚመልሰው የለም። ሌላው ጥፋት ሰንጠረዡን በቋንቋ ፈንታ በፊደል ማሠራት ነው። ትግርኛ ሐንና ሀን፣ ዐንና አን በድምፅ ይለያል። ግዕዝ ፊደል ባየ ቁጥር የሚያለሰልስ ፕሮግራም ለትግርኛ አንባቢ ሁለት የተለያዩ ቃላትን አንድ ያደርግበታል።

ብዙ ድርጅት የሚጠቀምባቸው የፍለጋ ሶፍትዌሮች፣ ኢላስቲክሰርችም ሶለርም፣ የቆሙት ሉሲን በተባለው ኦፕን ሶርስ ላይብረሪ ላይ ነው። ሉሲን ለአርመንኛ፣ ለባስክና ለአይሪሽ የተዘጋጀ የጽሑፍ ተንታኝ ይዟል። ቋንቋው ስንት ተናጋሪ አለው የሚለው ጉዳይ አይደለም፤ ሠርቶ የሚያስገባ ሰው አለው ወይ ነው ጉዳዩ። ያ 35 ረድፍ እዚያ ቢገባ የአማርኛ ፍለጋ የሚሠራ ሁሉ በአንድ ቀን ያገኘዋል።

የቀን አቆጣጠርም እንደዚሁ ነው። በየአፑ የማየው ስሌት ከፈረንጁ ዓመት 8 ወይም 7 ቀንስ፣ አዲስ ዓመትን መስከረም 11 (በፈረንጁ) ላይ አድርግ የሚል ነው። ይህ ከአራት ዓመት አንዱን ይስታል። የኢትዮጵያው ዓመት ለ4 ሲካፈል 3 ከተረፈ ጳጉሜን 6 ቀን ነች፣ ቀጣዩ አዲስ ዓመትም በፈረንጁ 12 ላይ ይውላል፤ ልዩነቱ እስከ የካቲት 29 (በፈረንጁ) ድረስ ይዘልቃል። በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ስለነበረች የ2016 ዓ.ም. ጥምቀት በፈረንጁ ጥር 20 ቀን 2024 ዋለ፤ ገና ደግሞ በዘመነ ዮሐንስ እንደተለመደው ታኅሣሥ 28 ተከበረ። «ገና ሁልጊዜ ታኅሣሥ 29» ብሎ የጻፈ ኮድ በዚያ ዓመት አንድ ቀን ዘግይቷል፤ በ2020 ዓ.ም.ም ይዘገያል።

ይህን ስሌት ማንም እንደ አዲስ መጻፍ የለበትም። አይሲዩ የተባለው ላይብረሪ የኢትዮጵያን አቆጣጠር በዓመተ ምሕረትም በዓመተ ዓለምም ይዞታል፤ የዛሬዎቹ ድር ማሰሻዎችም በጃቫስክሪፕት በኩል ያቀርቡታል። የጃቫ መደበኛ የቀን ላይብረሪ የታይላንድ፣ የጃፓን፣ የታይዋንና የሂጅራ አቆጣጠር ሲኖረው የእኛ የለውም፤ እዚያ አይሲዩን ጨምሩ። የወርና የቀን ስሞች የሚመጡት ደግሞ ሲኤልዲአር ከተባለው የዩኒኮድ የመረጃ ክምችት ነው። የተሳሳተ የአማርኛ አጻጻፍ ስልካችሁ ላይ ካያችሁ ሰርቬይ ቱል በሚባለው መድረክ ላይ ትክክለኛውን አቅርባችሁ ድምፅ ትሰጣላችሁ። የግለሰብ ድምፅ ክብደቱ ትንሽ ስለሆነ ተባብሮ መግባት ይሻላል። እዚያ የታረመ አንድ ቃል አንድሮይድንም አይፎንንም ይደርሳል።

የፈቃድን ነገር ከመጀመሪያው ወስኑ። ጊትሃብ ላይ የተጫነ ኮድ የፈቃድ ፋይል ከሌለው ክፍት አይደለም፤ ሕጉ መብቱ ሁሉ የጸሐፊው ነው ይላል፣ ሌላ ሰው ሊጠቀምበት አይችልም። ብዙ ጥሩ የአማርኛ ሥራ በዚህ ምክንያት ብቻ ሞቶ ተቀምጧል። የሆሄ ሰንጠረዥ፣ የቃላት ዝርዝርና የመሳሰለውን በኤምአይቲ ወይም በአፓቼ 2.0 አውጡት። ጂፒኤል (የተለወጠውም በዚያው ፈቃድ እንዲወጣ የሚያስገድደው) ለሙሉ ፕሮግራም ጥሩ ፈቃድ ነው፤ ሉሲን ግን የአፓቼ ፋውንዴሽን ሥራ ስለሆነ በጂፒኤል የወጣ ኮድ አይቀበልም። የቃላት ዝርዝር ከታተመ መዝገበ ቃላት ላይ ቀድታችሁ ከሆነ በየትኛውም ፈቃድ ልታወጡት አትችሉም፣ የእናንተ አይደለምና። ዩኒኮድ ላይም የአስተዋጽኦ ስምምነት መፈረም አለ፤ መሥሪያ ቤት የቀጠራችሁ ከሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ኮዱ የማን እንደሆነ ውላችሁን አንብቡ።

ስትልኩ ትንሽ አድርጋችሁ ላኩ። ሰንጠረዡን በአንድ የማዋሃድ ጥያቄ፣ የቃል ግንድ ማውጫውን (ቅጥያዎችን ከቃሉ ላይ የሚያነሳውን ኮድ) በሌላ። ገምጋሚው አማርኛ አያነብም፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ረድፍ ጋር የዩኒኮድ ቁጥሩን ጻፉ፣ «ዓለም» ሲፈለግ «አለም» እንደሚገኝ፣ ቋንቋው ትግርኛ ሲሆን ግን ሐ እንደማይነካ የሚያሳይ የፈተና ኮድ አያይዙ። መልስ እስኪመጣ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። የጠየቁትን አስተካክላችሁ በዚያው ጥያቄ ላይ መልሳችሁ ላኩ፤ ዘግተው አዲስ መክፈት ግምገማውን ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል።