ኅዳር ሚካኤል በላቦራቶሪ

ዛሬ ኅዳር 12 ነው። ነጠላዬን ለብሼ ሚካኤልን ላነግሥ አስቤ ነበር፤ ተረኛነቱ ግን እኔ ላይ ወደቀ። እናቴ ጸበል ረጭታብኝ «ሂጂ፣ የታመመ መጠየቅም ያው ንግሥ ነው» ብላ ሸኘችኝ። እኔ የምጠይቀው ደማቸውን ብቻ መሆኑን አልነገርኳትም።

በየሰፈሩ ቆሻሻ እየተቃጠለ ጎንደር በጭስ ታፍና ነበር። ኅዳር ሲታጠን በ1911 ዓ.ም. ኢንፍሉዌንዛ ሕዝቡን ከፈጀበት ጊዜ የቀረ ልማድ ነው። ጽዳቱን እወደዋለሁ፤ ጭሱን ግን ለአስም ሕሙማን ስል አልወደውም።

ወሩ የሰሊጥ አጨዳ መልስ ነው። ከመተማና ከሁመራ የሚመለሱ ወጣቶች ትኩሳታቸውን ይዘው ይመጣሉ። ወባውን በማይክሮስኮፕ ስፈልግ ውዬ ዓይኔ ደከመ። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ካላዛር ነው፤ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ይተላለፋል፣ ጣፊያን ያሳብጣል፣ ሰውነትን ያከሳል፣ ካልታከመ ይገድላል። የሚያናድደው ደግሞ መጀመሪያ ላይ ወባ መምሰሉ ነው።

ደም ስቀዳለት አንዱ ልጅ «እትዬ፣ እናቴ ስትደውል ምን ልበላት?» አለኝ። ጢም ገና አላበቀለም። ውጤት የሚነግረው ሐኪሙ ነው፤ እኔ ብዙ መናገር አልችልም። «ጎንደር በሰላም ገብቻለሁ በላት» አልኩት። ሳቀ። ስሙን ለሚካኤል ነግሬ ወደ ቱቦዎቼ ተመለስኩ።

ማታ ስገባ እናቴ የዝክሩን ዳቦ አቆይታልኛለች፤ ልጄ ዳር ዳሩን በልታዋለች።

ከቆላ የተመለሰ ዘመድ ያላችሁ፣ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈ የወባ ክኒን እየገዛችሁ አታቆዩት። ለምርመራ አምጡት፤ ነገም ተረኛ ነኝ።