ጋሪውን የሚስበው የተንጠለጠለው ክብደት ነው ብላችሁ አትመኑ

የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ በጋሪ፣ በክርና በፑሊ (ክር በሚያልፍበት ትንሽ ተሽከርካሪ ጎማ) የማሳየት ሙከራ ሲሰጠኝ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። አንድ አካል የሚያገኘው ሽምጠጣ፣ ማለትም ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን፣ ባረፈበት ኃይል ልክ ይጨምራል፣ በመጠነ ቁሱ (በያዘው ቁስ ብዛት) ልክ ይቀንሳል፤ ሕጉ ይኸው ነው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1687 ጀምሮም ታትሞ የሚነበብ ነው። እኔ ግን ሦስት ሳምንት ፈጀሁበት፤ ይህን የምጽፈውም አንድ ሰው አስቀድሞ በሁለት ዓረፍተ ነገር ቢያስጠነቅቀኝ ኖሮ ያ ሁሉ ጊዜ ባልባከነ ነበር ከሚል ቁጭት ነው።

ዝግጅቱ ብዙ የሚያስወራ አይደለም። 500 ግራም የሚመዝን ጋሪ በሐዲድ ላይ ይቀመጣል፣ ከጋሪው የተነሣው ክር በጠረጴዛው ጫፍ ባለው ፑሊ ላይ አልፎ ወደ ታች ይወርዳል፣ በክሩ ጫፍም በየተራ የ50፣ የ100 እና የ200 ግራም ሚዛን ይንጠለጠላል። ጋሪው ከቆመበት ተነሥቶ 80 ሴንቲ ሜትር ለመጓዝ የፈጀበት ጊዜ ይለካና ርቀቱ በሁለት ተባዝቶ ለጊዜው ስኩዌር ሲካፈል ሽምጠጣው ይገኛል። ጊዜውን በጣት በሚጫን ሰዓት አትለኩ፤ ዓይን አይቶ ጣት እስኪታዘዝ 0.2 ሰከንድ ያህል ስለሚያልፍ በስልክ ቪዲዮ ቀርጾ ምስሎቹን መቁጠር ይሻላል። ከሐዲዱ መጨረሻ ላይ ደግሞ ስፖንጅ አስቀምጡ። የተንጠለጠለው ሚዛን ወለሉን ሲነካ ክሩ መሳቡን ያቆማል እንጂ ጋሪው አይቆምም፤ ኢነርሺያ (የሚንቀሳቀስ ነገር መንቀሳቀሱን፣ የቆመም መቆሙን የመቀጠል ባሕርይ) የሚባለውን ነገር በቃል ስደጋግመው ከርሜ፣ የገባኝ ግን ጋሪው በያዘው ፍጥነት ሄዶ ፑሊውን ሲሰብርብኝ ነው።

መከራዬ የጀመረው ከስሌቱ ላይ ነው። የሙከራው መመሪያ ጋሪውን የሚስበው ኃይል የተንጠለጠለው ሚዛን ክብደት መሆኑን ያለ ምንም ማመንታት ይናገራል። በዚህ መሠረት የ50 ግራም ክብደት 0.49 ኒውተን ስለሆነ ለ0.5 ኪሎ ግራም ሲካፈል 0.98 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር መምጣት ነበረበት፤ እኔ ያገኘሁት 0.80 ነው። በ100 ግራም 1.96 ስጠብቅ 1.55፣ በ200 ግራም 3.92 ስጠብቅ 2.73 ብቻ አገኘሁ። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች እንኳ ሳያዩ «ሰበቃ ነው፤ እሱን ጻፍና ጨርስ» አሉኝ፤ ሰበቃ ማለት ነገሮች ሲፋተጉ እንቅስቃሴን የሚገታው ኃይል ነው። እኔም ጻፍኩ። ሕሊናዬ ስላላረፈ ግን የጋሪውን እግሮች ዘይት ቀባሁ፣ ሐዲዱን ወለወልኩ፣ ሁለተኛ ፑሊ ለመንኩ፤ ቁጥሮቹ ንቅንቅ አላሉም።

ዛሬ ድረስ የሚያናድደኝ የኃላፊው ችኮላ ብቻ አይደለም፤ መልሱ በገዛ እጄ ባሰመርኩት ሠንጠረዥ ላይ ቁጭ ብሎ ሳላየው መቅረቴ ነው። የጋሪው ሰበቃ የሚስበው ኃይል ቢጨምርም ያው ስለሆነ፣ የሚስበው ኃይል ሲበረታ የሰበቃው ድርሻ ማነስ ነበረበት። የእኔ ጉድለት ግን ከ18 በመቶ ተነሥቶ 30 በመቶ ደርሶ ነበር።

ዓይኔን የገለጠው ከንዴት የመጣ ስሌት ነው። አንድ ኪሎ ግራም ባንጠለጥልስ ብዬ በመመሪያው ቀመር ሳሰላው 19.6 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር መጣ። በነፃ የሚወድቅ ነገር ሽምጠጣ 9.8 ነው። እንግዲህ እንደ መመሪያው ከሆነ ጋሪው፣ በክሩ ከሚጎትተው ሚዛን ቀድሞ ይሮጣል ማለት ነው፤ ክር ደግሞ ይጎትታል እንጂ አይገፋም። ብቻዬን ሳቅሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተንጠለጠለው ሚዛንም መጠነ ቁስ አለው፣ እሱም እንደ ጋሪው ከቆመበት ላለመነሣት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ክብደቱ የሚያንቀሳቅሰው ጋሪውን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ጭምር ነው። ጋሪውን በእጅ ይዘን ሳለ የክሩ ውጥረት ከሚዛኑ ክብደት ጋር እኩል ነው፤ በለቀቅነው ቅጽበት ግን ውጥረቱ ይቀንሳል፣ ባይቀንስ ኖሮ ሚዛኑ ባልወረደ ነበር። በ200 ግራሙ ሙከራ 1.96 ኒውተን የሚያንቀሳቅሰው 0.7 ኪሎ ግራም ስለሆነ ሽምጠጣው 2.80 ይሆናል፣ ጋሪውን በእርግጥ የሚስበውም 1.4 ኒውተን ብቻ ነው። ሦስቱንም እንደገና ሳሰላቸው 0.89፣ 1.63 እና 2.80 መጡ፤ ከለካሁት ጋር ያላቸው ልዩነት ወደ ኃይል ሲቀየር በሦስቱም 0.05 ኒውተን ያህል ነው። ያ ሁሉ የተወነጀለው ሰበቃ ጥፋቱ ይህችው ነበረች። እሷንም የሐዲዱን አንድ ጫፍ በሜትር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጌ፣ ጋሪው በትንሹ ሲነካ ሳይፈጥንና ሳይዘገይ እስኪሄድ ድረስ በማስተካከል አስወገድኳት።

መመሪያው በግርጌው የሚንጠለጠለው ሚዛን ከጋሪው እጅግ ያነሰ ይሁን ይላል፤ እኔ ተቃራኒውን እመክራለሁ። 10 ግራም ብታንጠለጥሉ የስሌቱ ስህተት ወደ 2 በመቶ ወርዶ ይደበቃል፤ ሐዲዱን ካላዘነበላችሁ ግን ከ0.098 ኒውተኑ ግማሹን ሰበቃ ይበላዋል። ከባድ አንጠልጥሉ፣ ስህተቱ ይጩህ። ኃይሉን ብቻ መለወጥ ስትፈልጉ ደግሞ ተጨማሪ ሚዛን ከውጭ አታምጡ፤ አስቀድማችሁ ጋሪው ላይ ከጫናችሁት እያነሣችሁ ወደ ክሩ አዛውሩ፣ ያን ጊዜ የሚንቀሳቀሰው ጠቅላላ መጠነ ቁስ አይለወጥም።

«ልዩነቱ የመጣው በሰበቃ ምክንያት ነው» የሚለው የመጀመሪያው ሪፖርቴ ሙሉ ነጥብ አግኝቶ ነበር። የታረመው ደግሞ «ከመመሪያው ጋር አይጣጣም» ተብሎ በቀይ እስክሪብቶ ተመለሰልኝ፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ሰፍቼ አስቀምጫቸዋለሁ።