አሮጌ ሳክስፎን ገዝታችሁ በያጅ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው ያኔ ማንም ስላልነገረኝ ነው። አንድ ሰው «ሳክስፎንህ ወፍራሙን ድምፅ እምቢ ካለህ፣ የተሰበረ ነገር ከመፈለግህ በፊት ንፋስ የሚያመልጥበትን ፈልግ» ቢለኝ ኖሮ ብዙ ነገር ይተርፍ ነበር። የሚነግረኝ ስላልነበረ፣ እኔም ስላልጠየቅኩ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ መሣሪያ ላይ የማይጠፋ ጠባሳ ጣልኩበት።

ቴነር ሳክስፎን የተመኘሁት በጌታቸው መኩሪያ ምክንያት ነው። ሽለላን፣ ያን ከጀግና ጉሮሮ የሚወጣውን ነገር፣ በቴነር ሲነፋው ከሰማሁ ወዲህ በውሰት የምለማመድበት አልቶ የሚባለው አነስተኛው ሳክስፎን አላረካ አለኝ። አዲስ ቴነር ለመግዛት ደግሞ አቅሜ አይፈቅድም። ድሬዳዋ ታይዋን የሚባለው ገበያ ገብቶ የሚታጣ ዕቃ የለም ይባላል፤ እኔ ግን ሳክስፎን አጣሁ። በሰው በሰው ሲፈለግ ቆይቶ ገንደ ቆሬ ሰፈር አንዲት እናት ቤት ተገኘ። ባለቤታቸው በደርግ ጊዜ ከኪነት ቡድን ጋር ይነፉ ነበር፤ ካረፉ በኋላ ዕቃው ከነሳጥኑ አልጋ ሥር ቀርቷል።

«እማማ፣ ስንት ይበሉኝ?» አልኳቸው።

እሳቸው ዋጋውን ከመጥራታቸው በፊት፣ «እሱ በሕይወት እያለ ልጆቼን እንኳ አያስነካም ነበር። አንተ ልትነፋው ነው ወይስ ልትሸጠው?» ብለው ጠየቁኝ። ልነፋው ነው አልኩ። 18,000 ብር ከፍዬ ወጣሁ። ዋጋ አልተከራከርኩም፤ በዚህ እስካሁን አልተጸጸትኩም።

ሰፊው አፉ ላይ «ወልትክላንግ» የሚል ጽሑፍ ተቀርጿል። በጀርመንኛ «የዓለም ድምፅ» ማለት ነው። የምሥራቅ ጀርመን ሥራ ነው፤ ያቺ አገር በፈረንጆች 1990 ከምዕራቡ ጋር ስለተዋሐደች፣ ዕቃው ምንም ቢያንስ ከ30 ዓመት በላይ ኖሯል። ሳጥኑ ሲከፈት ያረጀ ቆዳና የናፍታሊን ሽታ ይወጣል። ቀለሙ አውራ ጣት በሚያርፍበት ቦታ ላይ ተልጦ ናሱ ወጥቷል። የሰውየው ጣት ነው ያን የላጠው። የእኔን ጣት እዚያው ላይ ሳሳርፍ ልኩን የተሰፋልኝ ልብስ የለበስኩ ያህል ተሰማኝ።

ላይኛው ድምፁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማር ነበር። ወደ ታች ስወርድ ግን ይንቦጫረቃል፤ ውኃ ውስጥ የምነፋ ይመስል። ከሁሉ የሚወፍረው ቢ ፍላት ጭራሽ አይወጣም። ቀኑን ሙሉ ብነፋ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልግባ።

ከሰፊው አፍ ጎን ያሉትን ሁለት ትልልቅ ቁልፎች ከግጭት የምትጠብቅ የናስ ክፈፍ አለች። በእግሮቿ ቆማ በስታኞ፣ ቶሎ በሚቀልጠው የብየዳ ብረት፣ ተጣብቃለች። አንዷ እግሯ ለቅቃ ስለነበር በነፋሁ ቁጥር «ዝዝዝ» ትላለች። እኔም በሽታውን አገኘሁት አልኩ። ወፍራሙ ድምፅ የሚወጣው እዚያ አካባቢ ነው፤ የተላቀቀውም እዚያ ነው፤ ስለዚህ ምክንያቱ እሱ ነው። ከዚህ በላይ አላሰብኩም። አላጣራሁም። በሳምንቱ መጨረሻ ሰርግ ላይ ከጓደኞቼ ጋር እንድነፋ ተጠርቼ ስለነበር ቸኩያለሁ።

ድሬዳዋ ውስጥ ሳክስፎን የሚጠግን አላውቅም ነበር። የከባድ መኪና ራዲያተር የሚበይድ አንድ ልጅ ግን አውቃለሁ፤ በሙያው የተመሰገነ ነው። ራዲያተር ናስ፣ ሳክስፎንም ናስ። ራዲያተር በስታኞ፣ ይህም በስታኞ። ስሄድ ልቤ ሙሉ ነበር።

«አቦ፣ ይሄማ አምስት ደቂቃ አይፈጅም» አለኝ። አመንኩት። እሱም የመሰለውን ነው የተናገረው።

መጀመሪያ ለራዲያተር የሚጠቀምበትን አሲድ በብሩሽ ቀባ። ቀጥሎ ችቦውን ለኮሰ። ነበልባሉ የእጄን አንጓ ያህል ይወፍራል። ለራዲያተር ልክ ነው፤ የሳክስፎን ገላ ግን አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ቀለሙ መጀመሪያ አረፋ አወጣ፣ ከዚያ ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ ጠቆረ። የተቃጠለ ቆዳ ሸተተኝ። ከክፈፏ ሥር ያለው ትልቁ ፓድ፣ ቁልፉ ሲዘጋ ቀዳዳውን የሚደፍነው የቆዳ ትራስ፣ ነበር የሚጠበሰው፤ ቁልፎቹን ሳናወልቅ ነበራ እሳት የለኮስነው።

በዚያች ቅጽበት «አቁም» ማለት ነበረብኝ። ቃሉ አፌ ላይ ደርሷል። ባለሙያ ሥራ ላይ እያለ ምን ብዬ ላቋርጠው ብዬ ዋጥኩት። እስካሁን ሌሊት ሲመጣብኝ የሚያበግነኝ የልጁ ችቦ አይደለም፤ የእኔ ዝምታ ነው።

ስታኞ ደግሞ 200 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቀልጣል፤ የትኛውን እንዳሰብክ አይጠይቅህም። አንዷን እግር ስታሞቅ ጎረቤቷም ይሞቃል። ልጁ ክፈፏን በፒንሳ ይዞ እየጠበቀ ሳለ፣ የቁልፉን ዘንግ ከተሸከሙት ትንንሽ ምሰሶዎች አንዷ ጠብ ብላ ሲሚንቶው ላይ ወደቀች። እሷን ለመመለስ ሌላ እሳት። በዚያኛው እሳት የክፈፏ ሁለተኛ እግር ለቀቀ። ለሱም ሌላ እሳት። በመጨረሻ ቦታዋ ላይ ትቀመጥ ብሎ በእንጨት መዶሻ መታ መታ አደረጋት፤ በዚህም ፓዱ የሚደፍነው ቀዳዳ ከንፈር ጎበጠ። 300 ብር ከፍዬ፣ አመስግኜ ወጣሁ። አዎ፣ አመስግኜ።

ቤት ገብቼ ስነፋው ክፈፏ ዝም ብላለች። ድምፁ ግን ከድሮው በታች ወርዷል፤ ቀድሞ የሚንቦጫረቀው አሁን ጭራሽ አይናገርም። ሰርጉ ቀረብኝ። አሲዱን በደንብ አጥቦ ማስለቀቅ እንደሚገባ የነገረኝም ስላልነበር ከሳምንት በኋላ አረንጓዴ ዝገት አወጣ። ለሁለት ወር ያህል ሳጥኑን አልከፈትኩትም።

ያዳነኝ ሐረር ያሉ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ በጉብዝናቸው ዘመን ክላርኔትና ሳክስፎን ሲነፉ የኖሩ። ዕቃውን ጭኔ ላይ አቅፌ በሚኒባስ ደንገጎን ወጣሁ፣ አወዳይን አለፍኩ፣ ጁገል በሸዋ በር ገባሁ። ጋሼ ሳጥኑን ሲከፍቱ ጥቁሩን ጠባሳ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልጠየቁኝም። ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ስሱን ወረቀት አውጥተው በጠባቡ ቀደዱ። ወረቀቱን ከእያንዳንዱ ፓድ ሥር ያስገባሉ፣ ቁልፉን ለስለስ አድርገው ይዘጋሉ፣ ወረቀቱን ይስባሉ። ያዝ ካደረገ ደህና ነው። ጂ ሻርፕ የሚባለው ቁልፍ ላይ ሲደርሱ ወረቀቱ ቅቤ እንደተቀባ ሾልኮ ወጣ።

«ይኸውልህ በሽታህ» አሉኝ። «ያቺ የምትንጫጫ እግር ከዚህ ጋር ምን አገናኛት? እሷን ለጊዜው በክር ብታስራት ይበቃት ነበር።»

ጂ ሻርፕ ከቧንቧው ላይኛው ግማሽ ላይ ነው ያለው። እሱ ካፈሰሰ ከሱ በታች ያለው ድምፅ ሁሉ ይታመማል፤ ወፍራሙ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ቁልፉን ዘግቶ የሚይዘው የመርፌ ስፕሪንግ ደክሞ ነበር። ያ ሁሉ እሳት ለአንዲት መርፌ ነው። ይህን ሲነግሩኝ ፊቴ ጋለ።

መድኃኒቱ እዚያው ሐረር ተገኘ። የልብስ ሰፊዎቹ መንደር መኪና ግርግር ሄደን ወፍራም የእጅ መርፌ ገዛን። ጋሼ ዓይኗን በፒንሳ ሰብረው ጣሉ። ገላዋን ሻማ ላይ ቀስ እያሉ አሞቁ፤ ብረቱ መጀመሪያ ገለባ መሰለ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ ልክ ሰማያዊ ሲሆን ከእሳቱ አወጡት። «ሳይሞቅ ብትተወው ይሰበራል፣ ካሳለፍከው ይልፈሰፈሳል» አሉ። ወፍራሙን ጫፍ ለብቻው አግለው ጠፍጠፍ አድርገው ከምሰሶው ቀዳዳ ውስጥ ወተፉት። ቁልፉን ለቀቅ ሲያደርጉት «ጠብ» ብሎ ዘጋ። ያቺ መርፌ እስከ ዛሬ አልደከመችም።

የተቃጠለውን ለማስተካከል ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ቁልፎቹ በሙሉ ወለቁ፣ ዙሪያው በእርጥብ ጨርቅ ተጠቀለለ፣ ከእርሳስ በማይወፍር የጋዝ ነበልባል ምሰሶዋ ቦታዋን ያዘች። የጎበጠው ከንፈር ከውስጥ ተገፍቶ፣ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ በተለጠፈ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ተስተካከለ። ፓድ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ አስመጣሁ።

ከዚህ ወዲህ ንፋስ ማፈላለጉን ራሴ ነው የምሠራው። ለገና ዛፍ ከሚሸጠው ቀጭን የመብራት ገመድ አንዱን ማታ ቧንቧው ውስጥ አስገባለሁ፣ ክፍሉን አጨልማለሁ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እዘጋለሁ። ከፓዱ ጠርዝ ክር የምታህል ብርሃን ከወጣች እዚያ ያፈሳል። ስትገዙም ይህን ገመድና የሲጋራ ወረቀት በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ቅር ካለው ይበለው።

አስተማሪዎች ሁሉ «አሮጌ የምሥራቅ አገር ዕቃ አትግዙ፣ አዲስ የቻይና ይሻላል» ይላሉ። አልስማማም። የጓደኛዬን አዲስ ዕቃ ነፍቼዋለሁ፤ ቁልፉ ይለሰልሳል፣ ድምፁ ግን ከማንም ጋር የሚመሳሰል ነው። የኔው በግራ ትንሿ ጣት የሚነካው ክፍል ይከብዳል፣ መካከለኛው ዲ ካልጠበቁት ከፍ ይላል፣ ጂ ሻርፑ ጠዋት ጠዋት ፓዱ ተጣብቆ ስለሚያድር ከመንፋቴ በፊት በጣቴ ከፈት ማድረግ አለብኝ። ዲው እንዳይሸሽ ከንፈሬን ላላ ማድረግ ተማርኩ፤ በዚሁ ምክንያት የአንቺሆዬን ቅኝት ስነፋ ድምፁን እንደፈለግኩ ማጠፍ ቻልኩ። አዲሱ ዕቃ ይህን አያስተምርም።

ሌላው የማልቀበለው ምክር «ነፍተህ እንደጨረስክ ጠርገህ ሳጥን ውስጥ ክተት» የሚለው ነው። ለብርድ አገር ይሆናል። በድሬዳዋ ሙቀት እርጥብ ፓድ ተዘግቶበት ሲቀመጥ ይጣበቃል፣ ይሸታል። እኔ ከጠረግኩት በኋላ ጥላ ሥር ነጠላ ጣል አድርጌበት አንድ ሰዓት አስተነፍሰዋለሁ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ግን በፍጹም አትተዉት። ፓዱን የሚይዘው ሙጫ ይለሰልሳል፤ እኔ አንድ ከሰዓት ትቼው አንዱ ፓድ ተንሸራቶ ጠብቆኛል።

ሙቀቱ ቅኝቱንም ይነካል። አየር ሲሞቅ ድምፅ ስለሚፈጥን ሳክስፎን ከፍ ይላል፤ ኪቦርድ ግን ካለበት አይነቃነቅም። ቀትር ላይ ከኪቦርድ ጋር ስንለማመድ ማውዝፒሱን፣ አፌ ውስጥ የሚገባውን ጫፍ፣ ወደ ውጭ ሳብ ማድረግ አለብኝ፤ ማታ ነፋሱ ሲመጣ ደግሞ መልሼ አስገባዋለሁ። ስለዚህ ማውዝፒሱ የሚሰካበት የአንገቱ ቡሽ የማይላላ የማይጨንቅ መሆን አለበት። የኔን ከወይን ጠርሙስ ቡሽ ስስ ቆርጬ፣ አጣብቄ፣ በብርጭቆ ወረቀት እያሳሳሁ ራሴ ሠርቼዋለሁ። ለዘንጎቹም የስፌት መኪና ዘይት፣ በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ፣ በወር አንዴ።

ቢ ፍላቱ አሁን ይወጣል። ሲጀምር ትንሽ «ሽ» ይላል፣ ከዚያ ደረትን የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ይሆናል። ማታ ሙቀቱ ሲበርድ በረንዳ ላይ ሆኜ እሱን ብቻ አስረዝሜ የምነፋበት ጊዜ አለ፤ ጎረቤቶቼ አንድም ቀን ቅር ብሏቸው አያውቅም።

ጠባሳው መዳፍ ያክላል። በሎሚም በአመድም ሞክሬው አልለቀቀም። እማማ ባለፈው ገበያ ላይ አግኝተውኝ፣ «ትነፋዋለህ?» አሉኝ። እነፋዋለሁ አልኳቸው። «ታዲያ አንድ ቀን ይዘኸው ናና አሰማኝ እንጂ» አሉ። እሺ ካልኳቸው አራት ወር ሆኖኛል። ሳጥኑን እስከ በሩ ድረስ ይዤ ወጥቼ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ።