«ጅብ ነው» ከማለት በፊት ቁስሉን ማየት

አዳማ ውስጥ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ነገር ሲነሣ ጨዋታው ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «አንበሳና ነብር ቅርሳችን ናቸው፣ ከብቱ ከፓርኩ ይውጣ» ይላል። ሌላው «ሰው እየተራበ ለአውሬ ማዘን ምን ይባላል» ብሎ ይመልሳል። ቡናው እስኪያልቅ ይሟገታሉ። መተሐራ ዳር ያለው አርብቶ አደር ትናንት ማታ አምስት ፍየል ያጣው በየትኛው አውሬ፣ በበረቱ በየት በኩል ገብቶበት እንደሆነ ግን የሚጠይቅ የለም። የጠቡ ትልቁ ክፍል ያለው እዚያች ጥያቄ ውስጥ ነው።

መሬቱን በአጭሩ እናንሣው። ፓርኩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን በአዋጅ የጸናው በ1969 ነው። ከዚያ በፊት ሜዳው የከረዩ፣ የኢቱና የአፋር ከብት የሚሰማራበት ነበር። በእነዚያው ዓመታት የአዋሽ ዳርቻ፣ ማለትም የበጋው ግጦሽ፣ ለሸንኮራ አገዳ ሄደ። መተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከነበረው 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ40 በላይ እስኪደርስ ድረስ ዙሪያውን ዋጠው። ስለዚህ በፓርኩ በኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ከብት ሲታይ «ወራሪ» ብሎ መፍረድ ታሪኩን ከመሀል መጀመር ነው። የሌላኛው ወገን እውነትም አለ፦ ሣሩን ከብት ሲጨርሰው ሳላውና የሜዳ ፍየሉ ይመነምናሉ፤ የሚያድነው ያጣ አንበሳ ወይም ጅብ ደግሞ ወደ በረት ይመጣል። ፓርኩን መጋጥና በረት መደፈር የአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ ናቸው።

አሁን ወደ በድኑ። ጠዋት የሞተ ፍየል ወይም ጥጃ ሲገኝ በአካባቢው የመጀመሪያው ቃል «ጅብ ነው» ነው። ብዙ ጊዜም ጅብ ነው። ሆኖም ጅብ በበሽታ ወይም በውሃ ጥም የሞተውንም ይበላል፤ በልቶት መገኘቱ ገደለው ማለት አይደለም። ለመለየት በአንገቱና በጉሮሮው ላይ ያለውን ቆዳ በቢላ ገፍፎ ከሥር ማየት ነው። እንስሳው በሕይወት ሳለ ከተነከሰ ከቆዳው ሥር የረጋ ደምና የጠቆረ ሥጋ ይገኛል። ከሞተ በኋላ የተነከሰ ከሆነ ቀዳዳው ይታያል እንጂ ሥጋው አልደማም። ይህን ለማየት ጓንት ማድረግ ያስፈልጋል። በድንገት ሞቶ ከአፍና ከአፍንጫው ያልረጋ ጥቁር ደም የሚፈስ እንስሳ ግን ጨርሶ አይገፈፍም። አባሰንጋ ሊሆን ስለሚችል የእንስሳት ሐኪም ይጠራል።

ገዳዩን መለየት የሚጀምረው ከንክሻው ነው። ነብር ጉሮሮ ወይም ማጅራት ይይዛል፤ ያደነውን ጎትቶ ቁጥቋጦ ሥር ይደብቃል ወይም ዛፍ ላይ ይሰቅላል። አንበሳም ጉሮሮ ያንቃል፣ ነገር ግን በሬና ግመል ላይ ይደፍራል። ትከሻና ጀርባ ላይ የጥፍር ጭረት ይተዋል፤ ጨጓራውን አውጥቶ ወደ ጎን ይተወዋል፣ አንዳንዴም አፈር ያለብሰዋል። ጅብ ከኋላ ነው፦ ታፋ፣ ጡት፣ ሆድ። አጥንት ሰባብሮ ስለሚበላ ጠዋት የሚቀረው ትንሽ ነው፤ ኩሱም ከአጥንቱ የተነሣ ሲደርቅ ይነጣል። አቦሸማኔ በቀን ያድናል፣ በረትም ሰብሮ አይገባም፤ በሌሊት ለጠፋ ፍየል እሱን መክሰስ ስም ማጥፋት ነው። ብዙ በግ ጆሮውና እግሩ ተነካክሶ ቆስሎ፣ ግን ሳይበላ ከተገኘ ደግሞ አውሬ ከመፈለግ በፊት የሰፈሩን ውሾች ማየት ይሻላል። ይህን መስማት የሚወድ የለም።

ዱካው ያግዛል። የአንበሳና የነብር ዱካ ጥፍር አያሳይም፤ የመሀል ትራሱም (ከጣቶቹ ኋላ ያለው ትልቁ መርገጫ) በኋላ በኩል ሦስት ጉብታ አለው። የአንበሳው ርዝመት 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የነብሩ ከ7 እስከ 9 ነው። ጅብ ጥፍሩን ያሳያል፣ የፊት እግሩም ከኋላው ይሰፋል። ዱካው በሰውና በከብት ሳይረገጥ፣ ጠዋት በማለዳ፣ አጠገቡ ክብሪት ወይም ሳንቲም አስቀምጦ በስልክ ፎቶ ማንሣት ነው። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ጠርዙን ስለሚበላው ነብሩ አንበሳ ይመስላል።

በረቱ ጋ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይታያል። ሌሊት የሚደርሰው ጉዳት ሁሉ በአጥሩ ድክመት አይደለም፤ ብዙው በበሩ ነው። አጥሩ የግራር እሾህ ሆኖ በሩ ግን አንድ የተጎተተ ቅርንጫፍ ብቻ የሆነ በረት ለጅብ ክፍት ነው፤ ቅርንጫፉን ነክሶ ይስበዋል። ጥሩ በር ከእንጨት ፍሬም ላይ የተዘረጋ የበርሜል ቆርቆሮ ተመቶበት ይሠራል። ከሥሩ ያለው ክፍተት ከአንድ መዳፍ ስፋት መብለጥ የለበትም፤ ደፉ ላይ ድንጋይ ይደረደራል። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር በድንጋጤ የተገፋፋ ከብት ራሱ ይዘጋዋል፤ ወደ ውጭ የሚከፈተውን ግን ከብቱ ገንጥሎት ይወጣል። አንበሳ ብዙ ጊዜ በረት ውስጥ መግባት አያስፈልገውም። ውጭ ሆኖ ጠረኑን ያሸታቸዋል፣ ከብቱ ይደነብራል፣ አጥሩን ከውስጥ ይሰብራል፣ አንበሳው ጨለማ ውስጥ ይጠብቃል። ስለዚህ አጥር የሚሠራው ከውጭ ለሚመጣው ብቻ ሳይሆን ከውስጥ ለሚገፋውም ነው።

እሾህ ሲከመር የግንዱ ጫፍ ወደ ውስጥ፣ እሾሃማው አናት ወደ ውጭ ይሁን። እንዲህ ሲሆን አውሬው የሚነክሰው እጀታ አያገኝም፤ ባለቤቱ ደግሞ ከውስጥ ስቦ ያጠብቀዋል። ከፍታው 2 ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ ከ1 ሜትር ተኩል ባያንስ ጥሩ ነው። እሾሁ ሲደርቅ ይረግፋል፣ ይሰምጣልም፤ በየጥቂት ወሩ ካልተጨመረበት የክረምቱ አጥር በጋ ላይ ወገብ አይደርስም። ይህ ራሱ ከፓርኩ ጋር ያጣላል፤ በየዓመቱ የሚቆረጠው ግራር ከየት ይመጣል? ለዚህ ነው አቅም ላለው ሜሽ ሽቦ የሚመከረው፦ 1 ሜትር ከ80 ቁመት፣ ቋሚ በየ2 ሜትሩ። ፈንታሌ ተራራ ግርጌ መሬቱ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ ሽቦውን መቅበር አይቻልም። በምትኩ ከግርጌው ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ውጭ አጥፎ መሬት ላይ አንጥፎ ድንጋይ መጫን ነው፤ ጅብ የሚቆፍረው አጥሩ ሥር ስለሆነ ሽቦው ላይ ቆሞ ይቆፍራል። ነብር ግን ይዘላል፣ ይወጣልም። ለግልገሎች በመሀል ጣራ ያለው ትንሽ ጋጣ ካልተሠራ የተቀረው ወጪ ከንቱ ነው።

ለቋሚ የሚሆን እንጨት በአፋር በኩል ሞልቷል፦ ፕሮሶፒስ። ይህ ዛፍ አፋሮች «ደርጊ ሃራ»፣ የደርግ ዛፍ፣ የሚሉት ግጦሹን የበላው መጤ ነው። ለቋሚ መቆረጡ አያስቆጭም፤ ፍሬው የረገፈበትን ብቻ መውሰድ ነው። ከብት ፍሬውን በልቶ በእበቱ ሲዘራው ንጹሕ ሜዳ በጥቂት ዓመት ይዘጋል።

ብልጭ ድርግም የሚል የሶላር መብራት አንበሳንና ጅብን ለጥቂት ሳምንት ያርቃል። አንድ ቦታ ከተሰቀለ ይለምዱታል፤ በየጥቂት ቀኑ ቦታውን መቀያየር፣ ፊቱንም ወደ ከብቱ ሳይሆን ወደ ውጭ ማዞር ነው። ውሻ ከመብራት ይበልጣል፣ በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካገኘ። ካላገኘ ራሱ አደጋ ነው። በቀን ብርሃን ሰው ሳይፈራ የሚነክስ ጅብ ወይም ቀበሮ በዚሁ በሽታ ይጠረጠራል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥቦ ያንኑ ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ በአንድ ሌሊት «የሚፈታው» መርዝ ነው፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በጸረ ተባይ መድኃኒት የተነከረው ሥጋ የሚቀመጠው ገዳዩ ጠግቦ ከሄደ በኋላ ነው። ጠዋት የሚገኘው የሞተ ውሻ፣ ቀበሮና ጥንብ አንሳ ነው። የሩፔልና ነጭ ጀርባ ጥንብ አንሳዎች እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት እጅግ በተቃረቡት ተርታ ተሰልፈዋል፤ በአፍሪካ ከዋና ገዳዮቻቸው አንዱ መርዝ ነው። ሕንድ ጥንብ አንሳዎቿን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለከብት በሚሰጥ የሕመም ማስታገሻ ካጣች በኋላ በየሜዳው የቀረው በድን የውሻ ቀለብ ሆነ፣ የውሻው ቁጥርም ጨመረ። መርዙ ጅቡን ቢያገኘው እንኳ ባዶ የቀረውን ቦታ ሌላ ጅብ ይይዘዋል፤ በሩ ያው ቅርንጫፍ ከሆነ እሱም ይገባል።

አውሬ ለበላው ከብት ካሳ ይከፈል የሚለው ጥያቄ ፍትሐዊ ነው፣ ግን ቁስል የሚያይና ዱካ የሚለይ ሰው በየቀበሌው ሳይኖር ሊሠራ አይችልም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2013 የካሳ ሕግ አውጥታ የክፍያው ወረፋ ዓመታት ፈጅቷል። ያው ገንዘብ ለበርና ለሜሽ ቢውል የተሻለ ነው ባይ ነኝ።

አዳማም ከደሙ ንጹሕ አይደለችም። በከተማዋ ዙሪያ ከብት ማድለቢያዎች አሉ። ከማድለቢያም ሆነ ከቄራና ከሥጋ ቤት የሚወጣ ተረፈ ምርት ሜዳ ላይ ከተጣለ ጅብን ከሰው ደጅ ያለምዳል። በድን ሳይቀበር መንገድ ዳር ሲጣልም አውሬውን ወደ ጂቡቲ አስፋልት ይስበዋል፤ ፓርኩን ሰንጥቆ በሚያልፈው መንገድ ላይ በመኪና የተገጨ እንስሳ ሌላ ተገጪ ይጠራል። በሰሜን ኢትዮጵያ የጅብ ኩስ ተሰብስቦ በተደረገ ጥናት በዐቢይ ጾም ወቅት የሥጋ ቤት ተረፈ ምርት ሲጠፋ ጅቦቹ ወደ አህያ መዞራቸው፣ ከፋሲካ በኋላ መመለሳቸው ታይቷል። በነዚያ 55 ቀናት አህያውን ደጅ አሥሮ የሚያድር ጋሪ ነጂ ካለ፣ ገመዱን ፈትቶ ግቢ ያስገባው።