ዶማ የያዘች ቫልኪሪ፦ በኔትሃክ መቃብር የዘረፍኩበት መንገድ

በኔትሃክ መቃብር መቆፈር አያዋጣም ይባላል። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ከጉድጓዱ የሚወጣው ዕቃ ሁሉ የተረገመ ነው። እኔን ወደ ቁፋሮው የሳበኝም ይኸው ምክንያት ነው። እንዴት እንደሆነ ቀጥሎ አስረዳለሁ።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው፣ ኔትሃክ በ1987 የወጣ፣ በፊደልና በምልክት ተስሎ እስከ ዛሬ የሚጫወቱት የኮምፒውተር የዋሻ ጨዋታ ነው። ዓላማው ወደ ታች ወርዶ የየንዶርን ክታብ ይዞ መመለስ ነው። ዋሻው በእያንዳንዱ ጨዋታ እንደ አዲስ ይሠራል፤ የሞተ ጀግናም አይነሣም። ያገኘኸው ብራና፣ ብልቃጥ ወይም ቀለበት ምን እንደሚሠራ፣ የተባረከ ይሁን የተረገመ፣ ሲገኝ አይነገርህም። ግማሹ ጨዋታ ይህን ማጣራት ነው ብል አላጋነንኩም።

መጀመሪያ ማን ሆኜ እንደምዘርፍ መምረጥ ነበረብኝ። የአርኪዮሎጂ ባለሙያው ዶማ ይዞ ስለሚጀምር ለሥራው የተፈጠረ ይመስላል፤ ነገር ግን ጨዋታው መቃብር በመዝረፍ ከሁሉ አብልጦ የሚቀጣው እሱን ነው። ነውረኛ ሌባ መሆኑን በግልጽ ይነግረውና በአምላኩ ፊት ያለውን ሞገስ ይቀንስበታል። (እውነተኞቹ አርኪዮሎጂስቶች ይህን ቢያዩ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።) ሳሙራይም የተከበሩ ሙታንን በማወኩ ይወቀሳል፤ ሌሎች ሕግ አክባሪ ጀግኖችም እንዲሁ። ስለዚህ በአቋሟ ገለልተኛ፣ በዘሯ ሰው የሆነች ቫልኪሪ (ተዋጊ ሴት) መረጥኩ። እሷን የሚነካት ጥበቧ በጥቂቱ መጎዳቱ ብቻ ነው፤ በሰይፍ ለምትኖር ሴት ደግሞ ይህ ብዙም አያሳስብም።

ዶማውን ያገኘሁት ከድንኮች ነው። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ደረጃ (የዋሻው ፎቅ) ባለው ውስጥ ወደ ማዕድን ዋሻዎቹ የሚወስድ ሌላ መውረጃ አለ፤ እዚያ ከሚዞሩት ድንኮች ብዙዎቹ ዶማ ይይዛሉ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለሞት የቀረብኩት እዚህ ላይ ነበር፤ ገና ጀማሪ ለሆነ ጀግና አንድ የታጠቀ ድንክ ከማንኛውም ሙት ይከፋል። ጠባብ መተላለፊያ ላይ ቆሜ አንድ በአንድ እስኪመጡ ጠበቅሁ።

መቃብር በስክሪኑ ላይ ቀጥ ያለች ነጭ መስመር ናት፤ ከተከፈተ በር ጋር ትምታታለች፣ ግን በክፍሉ መሐል በር አይኖርም። ከላይ ባሉት ደረጃዎች ብርቅ ናት፤ ወደ ታች በወረድክ ቁጥር የመገኘት ዕድሏ እየጨመረ ይሄዳል። ከሦስት መቃብር በአንዱ ላይ ወርቅ ይገኛል፤ ይህ ወርቅ ከአፈሩ በላይ ስለሆነ ለማንሣት ዶማ አያስፈልግም። ወርቅ ብቻ የሚፈልግ ሰው ያንን ለቅሞ ይሂድ።

ዕቃ የሚፈልግ ግን መቃብሩ ላይ ቆሞ ወደ ታች ይቆፍራል። ከአምስት ጊዜ ሁለቱን ያረጀ ሬሳ ይወጣል፤ አንዱን ዞምቢ፣ አንዱን በጨርቅ የተገነዘ ሙሚ፣ አንዱን ደግሞ ማንም አይገኝም። ሬሳው ለመብላት የማይታሰብ ነው፤ መርዙ ይገድላል። ችግሩ ሙቱ ሲነሣ አንተ ራስህ በቆፈርከው ጉድጓድ ውስጥ መሆንህ ነው፤ ለመውጣት ጥቂት ተራ ይወስዳል፤ በዚያ መሐል መሸሽ የለም። ላይኛው ደረጃ ላይ የሚነሣው ደካማ ነው፤ ታች የሚነሣው ግን ግዙፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሙሉ ጤና ሳይኖረኝ፣ አብራኝ የምትዞረው ድመቴም አጠገቤ ሳትቆም ዶማ አላነሣም ነበር።

አሁን ወደ እርግማኑ። መቃብሩ ሥር ከዜሮ እስከ አራት ዕቃ ይቀበራል፤ ሁሉም ያለ ጥርጥር የተረገመ። ሌላ ቦታ ያገኘሁትን ዕቃ መሠዊያ ላይ አስቀምጬ የእርግማን ምልክት የሆነው ጥቁር ብልጭታ መኖሩን ማየት አለብኝ፤ ወይም ድመቷ የተረገመ ዕቃ መርገጥ ስለማትወድ፣ ልትረግጠው እያመነታች እንደሆነ መከታተል አለብኝ። የመቃብር ዕቃ ግን ምርመራ አያሻውም። በዚህ አታላይ ዋሻ ውስጥ ስለ ዕቃው እውነቱን አስቀድሞ የሚነግረኝ መቃብር ብቻ ነው፤ እውነቱን ካወቅህ ደግሞ እርግማንም ጥቅም ላይ ይውላል።

ለምሳሌ ባለሱቅ ለእርግማን ደንታ የለውም። የተረገመ ቀለበትም ሆነ የተባረከ ዋጋው አንድ ነው፤ ግማሹን፣ አንዳንዴም ሲሶውን ይከፍላል። ዶማ የያዘ ሰው ስለማያስገባ ዶማውን ደጅ ትቼ እገባለሁ፤ የማልለብሰውን የጦር ልብስና የማላጠልቀውን ቀለበት ሁሉ አራግፌ እወጣለሁ። የሚሰጠኝ ዋጋ ራሱ ዕቃው ምን ሊሆን እንደሚችል ይጠቁመኛል።

በዚህ መንገድ ከአንድ መቃብር የወጣ ብራና መሠረታዊ ዋጋው 100 መሆኑን አወቅሁ። በዚህ ዋጋ ያሉ ብራናዎች ብዙ ናቸው፤ አንዱ ከቦታ ወደ ቦታ የሚያዘዋውረው ነው። እሱ ሲረገም በዚያው ደረጃ ውስጥ ከማዘዋወር ይልቅ ወደ ሌላ ደረጃ ይወስዳል። ከእርግማን የበለጠ ማምለጫ ከየት ይገኛል? ብራናውን ሳልሸጥ ለክፉ ቀን አስቀመጥኩት፤ ክፉው ቀን ሲመጣም አነበብኩት፤ ግምቴ ልክ ነበር። ሌላ ብራና ደግሞ ገና ሳነሣው አቧራ ሆነ፤ ይህም አውሬ የሚያስፈራራው ብራና መሆኑን ነገረኝ፤ ተረግሞ ሲነሣ እንዲህ የሚሆን ሌላ የለምና። ከዚያ በኋላ የዚህን ዓይነት ብራና ወለል ላይ ሳይ እንዴት እንደምይዘው አውቅ ነበር።

የማልነካቸውም አሉ። የተረገመ የጦር መሣሪያ እጅ ላይ ይጣበቃል። የተረገመ የምትሃት በትር ከመቶ አንድ ጊዜ በእጅ ላይ ይፈነዳል። ከሁሉ የከፋው ግራጫ ድንጋይ ነው፤ ክብደቱ 500 የሆነው የሸክም ድንጋይ ከሆነ አንዴ ካነሣኸው መጣል አይቻልም። ከጉድጓዱ ወጥቼ በእርግጫ እመታዋለሁ፤ ካልተንቀሳቀሰ ከነገሩ ጾም እደሩ ብዬ አልፈዋለሁ።

ብዙ መቃብር በአንድ ክፍል ታጭቆ የሚገኝበት የሙታን አዳራሽም አለ። ዘራፊን የሚያጓጓ ቦታ ነው፤ ግን እዚያ ያሉት መቃብሮች ሥር የተቀበረ ዕቃ የለም። የሚጠቅመው አልፎ አልፎ ወለሉ ላይ የሚገኘው ሣጥን ነው፤ ለዚያም በዞምቢና በጣረ ሞት መካከል ማለፍ ያስፈልጋል። የኮምፒውተሩ ሰዓት ከሌሊቱ 6 ሰዓት አልፎ 7 ሳይሞላ ከገባህ ጨዋታው ሩጥ፣ ሩጥ ይልሃል። ምክሩን በየትኛውም ሰዓት መከተል ይሻላል።

በመጨረሻ የገጠመኝ የራሴ መቃብር ነበር። ጀግና ከአራተኛው ደረጃ ጀምሮ ሲሞት ጨዋታው አንዳንዴ ያንን ደረጃ ከነዕቃው ያስቀምጠዋል፤ በኋላ የሚጫወት ጀግናም ሊደርስበት ይችላል። አንድ ደረጃ ላይ ስወርድ ቀደም ሲል በወታደር ጉንዳኖች የተበላው ሳሙራዬ በስሙ መቃብር ተሠርቶለት፣ ጣረ ሞቱም ዕቃውን ሲጠብቅ አገኘሁት። ጉንዳኖቹ ሳይኖሩ አይቀሩም ብዬ መጀመሪያ ዙሪያውን አጣራሁ። ጣረ ሞቱ በጣም ቀርፋፋ ነው፤ አንድ ምቱም ከአንድ ነጥብ በላይ አይጎዳም፤ ግን ለመግደል ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ዞር እያልኩ፣ እየመታሁ ጨረስኩት።

እዚህ የመቃብሩ እርግጠኝነት አይሠራም። ከሟች ጀግና ዕቃ ከአምስቱ አራቱ ያህል ይረገማል፤ የትኛው እንደተረፈ ግን አይታወቅም። ዕቃውን አንድ በአንድ ወለል ላይ በትኜ ድመቷ እስክትረግጠው ጠበቅሁ። ያለ ማመንታት ያለፈችበትን ቀስትና የራስ ቁር ወሰድኩ፤ የቀረውን ለባለሱቅ ተሸከምኩ። መቃብሩን ግን አልቆፈርኩትም፤ የሳሙራዩ ንብረት ሁሉ ከላይ ነበርና፣ ከሥር ሊወጣ የሚችለው ሬሳ፣ ዞምቢ ወይም ሙሚ ብቻ ነው።