አራት የት ሄደ?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ጀማሪዎችን ኪቦርድ አስተምራለሁ። አብዛኞቹ ከሥራ በኋላ ማታ ነው የሚመጡት። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፤ ግማሹ ጋቢውን እንደለበሰ ነው የሚለማመደው።

አንድ የመንዝ ልጅ አለ። ከበሮ ላይ የሚደርስበት የለም። ኖታ ፊቱ ሲቀመጥ ግን ነገር ይበላሻል። ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ ከሌሎቹ ጋር ሲጫወት ግን ሁሌ ቀድሞ ይጨርሳል። «መኪና ሊያመልጥህ ነው እንዴ?» እያሉ ይቀልዱበታል።

አንድ ማታ መብራት ሄደ። ኪቦርዱ ጸጥ አለ፤ የሚመራን ምትም አብሮት ጠፋ። «በጭብጨባ እንቀጥል» አልኩ። በስልክ መብራት የሚታየው ሰሌዳ ላይ ሁለት ሩብ ኖታና አንድ ግማሽ ኖታ ነበር። ሩቡ አንድ አንድ ምት፣ ግማሹ ሁለት ምት፤ ባሩ፣ ማለት በሁለት ቋሚ መስመሮች መካከል ያለው የምት ክፍል፣ አራት ይሞላል።

ልጁ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለ አጨበጨበና ወዲያው ሌላ «አንድ» ጀመረ።

«አራትስ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ አራት ላይ እኮ የሚጨበጨብ የለም!»

ለካ የሚቆጥረው ጭብጨባውን ነው። ጊዜው ግን ቢጨበጨብም ባይጨበጨብም ያልፋል። የእረፍት ምልክትም ላይ እንደዚያው ነው፤ ድምፁ ይቆማል፣ ቆጠራው ይቀጥላል። በኪቦርዱ አውቶማቲክ ሪትም መጀመርን የማልወደውም ለዚህ ነው። ማሽኑ ይቆጥርለትና ልጁ የቆጠረ ይመስለዋል።

ሥራውን ለሁለት ከፈልነው። ጓደኛው ሳያቋርጥ ከአንድ እስከ አራት ይቆጥራል፣ እሱ ያጨበጭባል። ግማሽ ኖታው ሲደርስ መዳፎቹን እንደገጠመ አራት እስኪያልቅ ይጠብቃል። ከዚያ ተለዋወጡ። በመጨረሻ ቆጠራውንም ጭብጨባውንም ለብቻው ያዘ፤ በእግሩም መሬቱን እየመታ። ግማሽ ምት የሚይዘው ስምንተኛ ኖታ ሲመጣ «አንድ እና ሁለት እና» አልን፤ «እና» መሃል ላይ ትገባለች።

ችክችካ የሚባለው የጭፈራ ምት ላይ ስንደርስ ደግሞ ተራው የእሱ ሆነ። ስድስት ስምንተኛ ነው፤ ባሩ ስድስት ስምንተኛ ኖታ ይይዛል፣ እስከ ስድስት ይቆጠራል፣ አንድና አራት ላይ ጫን ይባላል። ሁለት ትልልቅ ምት፣ እያንዳንዱ ለሦስት የተከፈለ። ሌሎቹ ስድስቱን በእኩል ጉልበት እየመቱ ሲደነቃቀፉ፣ እሱ ከበሮውን አንስቶ አሳያቸው።

አሁን ጀማሪ ሲመጣ በደቂቃ 60 ምት ይዘን፣ ያለ ኪቦርድ እናስጀምረዋለን። ቸኩሎ «120 ይሁንልኝ» የሚል አይጠፋም። እሱን ለመንዙ ልጅ አስረክበዋለሁ።